አራት ጊዜ ከወደቁ በኋላ፦ ለአዳማዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ አዳማ በሚገኝ የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። መቀመጫውን በብሪታንያ ያደረገው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ኤሲሲኤ፣ ለሙያ ማረጋገጫ ከሚሰጣቸው ፈተናዎች የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ጨርሰው ከመጨረሻው ደረጃ ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሊደርን ከሦስት ዓመት በፊት አልፈዋል። ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሪፖርቲንግ፣ በምህጻሩ ኤስቢአር በሚባለው ፈተና ግን አራት ጊዜ ወድቀዋል። በሴፕቴምበር በተቀመጡባቸው ሁለት ዙሮች 41 እና 44፣ በጁን በተቀመጡባቸው ደግሞ 46 እና 47 አግኝተዋል። «መጽሐፉን በእያንዳንዱ ዙር ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። አእምሮዬ እዚህ ድረስ ነው ማለት ነው? ባለቤቴ ይብቃሽ ይለኛል። ልቀጥል ወይስ ላቁም?» ሲሉ ይጠይቃሉ። 47ቱ እንደገና ሊታረምላቸው ይችል እንደሆነ፣ እንዲሁም መውደቃቸውን ለአለቃቸው መንገር ይገባቸው እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋሉ።

መልሴን ከውሳኔው ልጀምርና ምክንያቱን ላስከትል። መቀጠል አለብዎት ብዬ አምናለሁ፤ በመጪው የሴፕቴምበር ዙር መቀመጥ ግን የለብዎትም። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አይጋጩም። በአዳማና በአካባቢዋ ለዚህ ፈተና የሚዘጋጁ ሠራተኞችን ሳሠለጥን የታዘብኩት፣ ጽናት ማለት በየዙሩ ተመዝግቦ መቀመጥ እንደሆነ ተደርጎ መወሰዱን ነው። ከአንዱ ዙር እስከ ሚቀጥለው ድረስ በዝግጅቱ ላይ ምን ተለወጠ የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሳም። ምንም ካልተለወጠ አምስተኛው ሙከራ ከአራተኛው የተለየ ውጤት የሚያመጣበት ምክንያት የለም። አንድ መሠረታዊ ነገር ከተለወጠ ግን የቀደሙት አራት ውጤቶች ስለ አምስተኛው የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ነው።

ውጤቶችዎን የሰው ሂሳብ እንደሚመረምሩ ሆነው ይመልከቷቸው። ማለፊያው 50 ነው፤ አራቱም ውጤቶችዎ የሚገኙት በ41 እና በ47 መካከል ነው። ፈተናው የሚያተኩርባቸውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደንቦች፣ በሙያው አጠራር «ደረጃዎች» የሚባሉትን፣ የማያውቅ ሰው በዚህ ፈተና 47 አያገኝም፤ ስለዚህ ችግሩ አለማወቅ አይደለም። በሌላ በኩል ውጤቶቹ እንዲህ ተቀራርበው መውደቃቸው «ዕድል የለኝም» የሚለውን አባባል ውድቅ ያደርገዋል። ዕድል ቢሆን ኖሮ አንዱ 35፣ ሌላው 53 ይሆን ነበር። ያለዎት እውቀት በአንድ ዓይነት የአሠራር ዘዴ ወደ ወረቀት ሲወጣ በየጊዜው ተመሳሳይ መጠን ያለው ማርክ እያጣ ነው። ይህ በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለው ዜና ነው፤ አሠራር የሚታይና የሚታረም ነገር ነውና።

ስለ አእምሮዎ የጠየቁት ከልብ ስላሳዘነኝ በግልጽ ልመልስ። ይህን ፈተና በዓለም ዙሪያ በየዙሩ ከሚቀመጡት ውስጥ የሚያልፈው ግማሽ ያህሉ ነው። የሚወድቀው ግማሽ ደግሞ ከመንገድ የተሰበሰበ አይደለም፤ እንደ እርስዎ ዘጠኙን ፈተናዎች ያለፈ ወይም በዲግሪው ነጻ የተደረገለት ባለሙያ ነው። እርስዎን የገጠመዎት ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው ሲወጡ የፈተናው ባሕርይ መለወጡ ነው። ከዘጠኙ አንዱ በሆነው በፋይናንሻል ሪፖርቲንግ ፈተና ከመቶው 60 ማርክ የሚገኘው መልስ በመምረጥና አጭር ስሌት በመሥራት ነው። በኤስቢአር እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድም የለም፤ ሁሉም ተጽፎ የሚብራራ ነው። በሀገራችን የሂሳብ ትምህርት ያደግን ሰዎች ብርታታችን ስሌት ላይ ነው። ሠንጠረዡ ሲገጥም ሥራው ያለቀ ይመስለናል፤ ኤስቢአር ግን ከሠንጠረዡ በኋላ ያለውን ነው በዋናነት የሚመዝነው።

ማርክዎ የሚጠፋበትን ቦታ ለማግኘት ከሰዓቱ እንጀምር። ፈተናው 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ማለትም 195 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ማርክ ከሁለት ደቂቃ ጥቂት ያነሰ ይደርሳል። ስለ ኩባንያዎች ስብስብ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ 30 ማርክ ስላለው ድርሻው 58 ደቂቃ ተኩል፣ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ 20 ማርክ ስላለው ድርሻው 39 ደቂቃ ነው። የክፍል ለ ሁለት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው 25 ማርክ ይዘው ወደ 49 ደቂቃ ይወስዳሉ። አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የጉድዊል፣ ማለትም አንድ ኩባንያ ሲገዛ ከተጣራ ንብረቱ በላይ የተከፈለው ዋጋ፣ ስሌት አልገጥም ብሎዎት 90 ደቂቃ ቢያጠፉ ምን እንደሚሆን ያስሉት። ከሌሎቹ የወሰዱት ከ31 ደቂቃ በላይ ነው፤ ይህም ወደ 16 ማርክ የሚጠጋ የመጻፊያ ጊዜ ነው። በእነዚያ 31 ደቂቃዎች ያስተካከሉት ስሌት ምናልባት ሁለት ማርክ ቢጨምርልዎ ነው። በአንድ ጥያቄ ላይ የመጀመሪያዎቹ አሥር ማርኮች ከመጨረሻዎቹ አምስት ይልቅ ሁልጊዜ ይቀላሉ፤ ሳይጨረስ የተተወ የመጨረሻ ጥያቄ ማለት እነዚያን ቀላል ማርኮች ትቶ መውጣት ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ በየዙሩ ምን ያህል እንደጻፉ አልነገሩኝም፤ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት በሩጫ ያሳለፉ ከሆነ ግን የጎደሉዎት ሦስት ማርኮች እዚያ ተቀምጠዋል ብዬ ለመናገር አላመነታም።

ሁለተኛው ቦታ አጻጻፉ ነው፤ እዚህ ላይ በምሳሌ ልቆይ። አንድ ፋብሪካ በጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ፍሳሹ ወደ ወንዝ ገብቷል እንበል። የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ግን በአደባባይ «እናጸዳለን» ብሏል፣ መሐንዲሱም የወጪ ግምት አቅርቧል። ጥያቄው ፋብሪካው በሂሳቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ብዙ ተፈታኝ ወደፊት ለሚከፈል ወጪ መጠባበቂያ የሚያዝበትን ሁኔታ የሚደነግገውን ደረጃ፣ አይኤኤስ 37ን፣ አስታውሶ ሦስቱን መስፈርቶች ይጽፋል፦ ካለፈ ድርጊት የመነጨ ግዴታ መኖር፣ ገንዘብ የመውጣቱ ዕድል ማመዘን፣ መጠኑን በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት መቻል። ከዚያም «ስለዚህ መጠባበቂያ ይያዛል» ብሎ ያልፋል። ይህ ሰው ደረጃውን ያውቃል፤ የሚያገኘው ግን ከሁለት ማርክ እምብዛም አያልፍም። ሌላው ተፈታኝ እንዲህ ይጽፋል፦ ፍሳሹ ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ በፊት ስለገባ ግዴታ የሚፈጥረው ድርጊት ተፈጽሟል፤ ሕግ ባይኖርም ሥራ አስኪያጁ በአደባባይ ቃል በመግባቱ ሕዝቡ ይጸዳል ብሎ መጠበቁ ተገቢ ነው፣ ይህም ከቃልና ከልማድ የሚመነጭ ግዴታ ነው፤ የመሐንዲሱ ግምት መጠኑን ለመለካት ይበቃል፤ ጽዳቱ ዓመታት የሚወስድ ከሆነ ገንዘቡ በዛሬ ዋጋው ይሰላል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በጥያቄው ታሪክ ውስጥ ያለን አንድ ነገር ያዘ። አራሚው ማርክ የሚሰጠው በአብዛኛው ለእንዲህ ያለው ነጥብ፣ ለአንዱ አንድ እየቆጠረ ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። የፈታኞቹ ቡድን የሚያወጣቸውና በኤሲሲኤ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚገኙት ሪፖርቶች ደጋግመው የሚያማርሩት፣ ተፈታኞች ደረጃውን እንደ ቃል ጥናት ደግመው ጽፈው ከጥያቄው ታሪክ ጋር አለማገናኘታቸውን ነው። እነዚህን ሪፖርቶች አንብበው ከሆነ እንደገና ያንብቧቸው፤ ካላነበቡ ከመጽሐፉ አምስተኛ ንባብ በፊት እነሱን ያስቀድሙ። በዚህ ፈተና ለአቀራረብና ለሙያዊ አገላለጽ ተለይተው የሚሰጡ አራት ማርኮች እንዳሉም ልብ ይበሉ፤ እርስዎ የጎደለዎት ሦስት ነበር።

ስለ እንግሊዝኛው አይጨነቁ። የሰዋስው ስህተት ማርክ አያስቀንስም፤ ሐሳቡ የማይገባ ዓረፍተ ነገር ግን ማርክ አያስገኝም። ስለዚህ አጭር ይጻፉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነጥብ ይያዝ፣ በነጥቦች መካከልም መስመር ይተዉ።

ሰው የማያነሳው ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ፤ እሱም የኮምፒውተር ጽሕፈት ፍጥነት ነው። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እንደሚውሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሂሳብ ሶፍትዌር ቁጥር ማስገባትና በሰዓት ሩጫ ሙሉ ገጽ እንግሊዝኛ መጻፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እውቀታቸው ሙሉ ሆኖ ጣታቸው የማይከተላቸው ሰዎች አውቃለሁ። በኤሲሲኤ የመለማመጃ ገጽ ላይ ያለፉ ፈተናዎች በእውነተኛው የፈተና ስክሪን ቀርበዋል፤ ልምምድዎ ሁሉ እዚያ ይሁን። በደብተር የሚሠራ ልምምድ ይህን ጉድለት ሸፍኖ ያቆየዋል።

አሁን ወደ ንባቡ ልመለስ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በየዙሩ ማንበብ ትጋት ነው፤ ትጋትዎን አከብራለሁ፤ ግን የሚያታልል ትጋት ነው። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የሚነበብ ገጽ የሚታወቅ ስለሚመስል አእምሮ «ይህን ይዤዋለሁ» ብሎ ይፈርዳል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፍለው አንዱን ቡድን አንድ ጽሑፍ ደግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በግልጽ በለጡ። ፈተና ሊቀርብ ሲል ሌሊቱን አንብበው «ሁሉም ገብቶኛል» ያሉበትን ስሜትና አዳራሽ ውስጥ የገጠመዎትን ባዶነት ይህ ያስረዳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዝግጅት መጽሐፉ መጠየቂያ እንጂ መነሻ አይሁን። ጥያቄውን በሰዓት ይጻፉ፣ በመልሱ መመሪያ ራስዎን ያርሙ፣ የወደቁበትን ርዕስ ብቻ ከመጽሐፉ ያንብቡ፤ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሳያዩ ደግመው ይጻፉት።

የዙር ምርጫው ለእርስዎ ሁኔታ እጅግ ወሳኝ ነው ብዬ ስለማምን ጠለቅ ልበል። ኤስቢአር በዓመት አራት ጊዜ፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር ይሰጣል። እነዚህን በእኛ የዘመን አቆጣጠርና በሂሳብ ክፍል የሥራ ዓመት ላይ ያስቀምጧቸው። ፋብሪካዎ እንደ አብዛኛው ድርጅት በጀት ዓመቱን ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ፣ የጁን ፈተና የሚውለው ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ለቆጠራና ለመዝጊያ ዝግጅት በሚደረግበት ወቅት ነው። የሴፕቴምበሩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል፤ ያን ጊዜ ሂሳቡ እየተዘጋ፣ የስንዴው ክምችት ከመዝገብ ጋር እየታረቀ፣ የኦዲተሮች ጥያቄ እየጎረፈ ነው። የዲሴምበሩ ኅዳር መጨረሻ ቢሆንም፣ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያውን እስከ ጥቅምት 30 ማቅረብ ስላለበት ዋናው የዝግጅት ጊዜዎ ያልቃል። የሚቀረው የማርቹ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ስለሚውል ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር በአንጻሩ የእርስዎ ይሆናሉ። ሁለቱ ዝቅተኛ ውጤቶችዎ የሴፕቴምበሮቹ መሆናቸውን ራስዎ ጽፈውልኛል፤ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በየቀኑ የሌላ ፋብሪካ ያህል ሸክም ተሸክመው በገቡበት አዳራሽ 41 እና 44 ማምጣትዎ በራሱ አቅምዎን ይመሰክራል።

የሴፕቴምበሩን ዙር እንዲተዉ የምመክርበት ሌላ ምክንያትም አለ። የጁን ውጤት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይወጣል፤ የሴፕቴምበሩ መደበኛ ምዝገባ ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይዘጋል። ሰው ቁስሉ ሳይደርቅ፣ በቁጭት ተገፍቶ የሚመዘገበው በዚህ ክፍተት ነው። ክፍያው በፓውንድ በመሆኑ ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እያንዳንዱ መቀመጫ በብር ሲሰላ ከባድ ሆኗል፤ የዘገየ ምዝገባ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ይህ የልጆችዎ ገንዘብ ነው፤ በቁጭት ሊወጣ አይገባም።

በየቀኑ ብዙ ሰዓት እንዲያጠኑ አልመክርዎትም። በአዳማ ሙቀት ከሥራ መልስ፣ ልጆች ሳይተኙ፣ ከባድ ጽሑፍ መጻፍ አይሆንም። ከሥራ በፊት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ያለው አንድ ሰዓት አንድ የ25 ማርክ ጥያቄ በሙሉ ሰዓቱ ለመጻፍ ይበቃል፤ በሳምንት ሦስቱን ቀን ይህን ካደረጉ በአራት ወር ውስጥ ከሚያስፈልግዎት በላይ ጽፈዋል። እርማቱን በማግስቱ በምሳ ሰዓት ያድርጉት። መብራት ሲጠፋ የፈታኞቹን ሪፖርት ያንብቡ። ሥራዎም ራሱ ልምምድ ሊሆን ይችላል። ከአዋጅ ቁጥር 847/2006 ወዲህ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲያዘጋጁ ስለሚጠበቅ፣ የፋብሪካዎን የዓመት መግለጫ ማብራሪያዎች ይዘው «ይህ ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ የተያዘው የኪሳራ መጠባበቂያ ስለ ፋይናንስ ንብረቶች በሚደነግገው ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ 9፣ መሠረት ለምን ይህን ያህል ሆነ?» እያሉ በጽሑፍ መመለስ ይችላሉ። ፋብሪካዎ የማይነካቸው ርዕሶች ግን ብዙ ስለሆኑ በዚህ ብቻ አይተማመኑ።

አንድ ነገር ደግሞ ራስዎ ማየት አይችሉም፤ የራስን መልስ ሲያርሙ ያልተጻፈውን ያሰቡትን እያነበቡ ማርክ መስጠት ይመጣል። ስለዚህ በየወሩ ቢያንስ ሁለት መልሶችን ፈተናውን ላለፈ ሰው ሰጥተው ያሳርሙ። ጥብቅ አራሚ ይምረጡ፤ የሚያጽናናዎትን ሰው ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ስለ ጉዞው፣ አዲስ አበባ ለመፈተን ሌሊት ተነስተው እንደሚሄዱ ጽፈዋል። የፈጣን መንገዱ ራሱ ቀላል ነው፤ ጊዜው የሚጠፋው ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማው መሐል ባለው መጨናነቅ ነው። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ሄደው እዚያ ይደሩ። ከምዝገባው ወጪ አንጻር የአንድ ሌሊት መኝታ ትንሽ ነው።

47ቱን በሚመለከት፣ ኤሲሲኤ የአሠራር ማጣሪያ እንዲደረግ መጠየቅ ይፈቅዳል፤ ማጣሪያው ግን ሂደቱ በትክክል መፈጸሙን የሚያረጋግጥ እንጂ መልሱን እንደገና የሚያርም አይደለም። ገንዘብዎን እንዲያወጡበት አልመክርም።

ባለቤትዎ «ይብቃሽ» ያሉት ከእርስዎ አቅም ተስፋ ቆርጠው ሳይሆን የሚያዩት ድካም አሳዝኗቸው ይመስለኛል፤ ማብቂያው ያልታወቀ ነገር ደግሞ ቤተሰብን ከሁሉ በላይ ያደክማል። ስለዚህ ማብቂያ ያለው ዕቅድ ያቅርቡላቸው፦ በዚህ በተለወጠ አሠራር የማርቹ ዙር፣ ካስፈለገም የሚቀጥለው ዓመት ማርች፣ በመካከሉ ደግሞ ዕረፍት። ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሊደርን ካለፉ ሦስት ዓመት ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ደረጃ ለመጨረስ ከሚሰጠው ሰባት ዓመት አራቱ ይቀሩዎታል፤ ኤስቢአርንና ሁለቱን የምርጫ ፈተናዎች ለመጨረስ ይህ ይበቃል። ካስፈለገም ሁለቱን ማርቾች በሚለየው ዓመት አንዱን የምርጫ ፈተና መውሰድ ይቻላል፤ በዚህ ደረጃ የፈተናዎቹ ቅደም ተከተል የተቆለፈ አይደለም። በሁለቱም ሙከራዎች በእርግጥ ጽፈው፣ አሳርመው፣ ሰዓቱን ጠብቀው ከ45 በታች ከቀሩ ግን ማቆምን በሰላም ይመልከቱት። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ፈተናዎች ጊዜ አያልፍባቸውም፤ የሥነ ምግባር ሞጁሉን ከጨረሱም በእነሱ አድቫንስድ ዲፕሎማ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ግን ጤናዎ ወይም ልጆችዎ የሚጎዱ ከሆነ ሁለቱን ዙሮች መጠበቅ የለብዎትም።

ለአለቃዎ መንገርን በተመለከተ፣ የፈተናውን ወጪ ፋብሪካው ከሸፈነ ውጤቱን የማወቅ መብት ስላለው ይንገሩት፤ ሲነግሩትም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የማርቹን ዕቅድ አብረው ይዘው ይግቡ፣ ለፈተናው ሳምንት የሚያስፈልግዎትን ፈቃድም አሁኑኑ ይጠይቁ። ወጪውን ራስዎ ከሸፈኑ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ያም ሆኖ የየካቲቱን ፈቃድ ከጥር በፊት በጽሑፍ ቢያስገቡ ይሻላል፤ የግማሽ ዓመት ሪፖርት በሚጠየቅበት ሰሞን የቀረበ የፈቃድ ጥያቄ በቀላሉ አይፈቀድም።